ያኮረፈች ነፍስ

በሲበሩት ደሴት፣ ከጭቃው ወንዝ ማዶ፣
ልጄ ኦጎ ታማ፣ ገላዋ ተማግዶ፣
ሦስት ሌሊት አለፈ ውኃ እንኳ ሳይገባት፤
አማን ሌፖን መጣ ቃጭሉን ሊያሰማት።

የዶሮዋን አንጀት ወደ ጀምበር ገልጦ፣
ቀና ሳይል ቆይቶ፣ ጠየቀኝ አፍጥጦ፦
«ያንን ዛፍ ስትቆርጠው ፈቃዱን ለመንከው?»

እኔ ምን ልመልስ?
መጋዜ ባለሞተር፣ ዛፉ ባለ ነፍስ።

«ነፍሷ አኩርፋ ሄዳ ከጉቶው ሥር አለች፤
ቤቷን ካላስጌጡት መች ትመለሳለች?»

ቤቷ ማለት ገላዋ።
ጉንጯን እርድ ቀባን፣ ዶቃ አሰርን ከእግሯ፣
ቀይ አበባ ሰካን ባላበው ጠጉሯ።
ቃጭሉ ሌሊቱን ሙሉ፦ «ነይ፣ ኦጎ፣ ቤትሽ አምሯል፤
ነይ።»

እኔ ግን ማለዳ፣ ትምባሆ ቋጥሬ፣
ጉቶው ፊት ቆምኩና ጠፋብኝ ነገሬ።
ለሰውም ይቅርታ ብዬ የማላውቅ ሰው፣
ሙጫውን በመዳፌ አበስኩት፣ እንባ እንደማብሰው።

ስመለስ፣ ኦጎዬ ተነሥታ ተቀምጣ፣
ያጌጠችበትን ቀይ አበባ
ትበላለች፣ አላምጣ አላምጣ።
ሽማግሌው ሳቀ።
እኔ መሳቅ ፈራሁ።