ሁለት መቶ ሰባት

ያካፋል ጌንት ላይ፤ ሰኞ ነው ማለዳ፣
እኔ መዝገብ ቤት ነኝ፣ ሦስተኛው ፎቅ ጓዳ።
ሊቨን የሠራው ድረ ገጽ፣ እሱ ጡረታ ወጥቶ፣
ሁለት መቶ ሰባት ማስፈንጠሪያ ሞቶ
ተረከብኩት።

አንዱን ስጫን፦ «ገጹ አልተገኘም» ይላል፤
ሌላውን ስጫን፦ «ገጹ አልተገኘም» ይላል፤
ዳኛ ፊት እንደቆመ ምስክር ያንኑ ይደግማል።
አንዳንዱ ቤት ቀይሮ ነው፤ አዲስ አድራሻውን ስጽፍለት
ወዲያው ይከፈታል፣ እዚያው የኖረ ይመስል ከጥንት።
አንዳንዱ ግን የለም፤ ሰርቨሩ ተሸጦ፣ ባለቤቱ ሞቶ፣
ስሙን በር ላይ ትቶ።

መቶ አርባኛው ላይ ቆምኩ። «ሆርተንስ፣ የተልባ እግር ፈታይ» ይላል ጽሑፉ፤
ስነካው ባዶ ነው፣ ነጭ ነው ደጃፉ።
እስከ ምሳ ፈለግኳት፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ፈለግኳት፤
በመጨረሻ አፌን ከፍቼ፣ ሊቨን እንደሚጠራት ጠራኋት።
የጌንት ሰው «ሆ»ን ይውጣል፤ ሆርተንስን «ኦርተንስ» ይላል፣
ሊቨንም ፎቶዋን ሲያስቀምጥ እንዳፉ ጽፎታል።
እኛስ ሀሌታውን ሀ በሐመሩ ሐ ብንለውጥ ማን ይቀየመናል?
ድምፁ ያው ነውና ጆሮ ይምረናል፤
ኮምፒውተር ግን ጆሮ የለው፣
በአንዲት ፊደል ሰው ደጅ ያሳድራል።

አስተካከልኩ። ተከፈተ።
ሽርጥ ታጥቃ፣ ጣቶቿ እርጥብ፣ ፎቶ አንሺውን ይሁን እኔን ትገላምጣለች፣
«የት ቆየህ?» የምትል ትመስላለች።

ከዝርዝሩ ሰረዝኩና «ገጿ ተገኘ» ብዬ ጻፍኩ፤
አለቃዬ የፊደል ስህተት ይለዋል፤ አላረምኩ፤
ስልሳ ሰባት ይቀረኛል፣ ቀጠልኩ።