ታርጋ የሌለው

ሠላሳ አንድ ዓመት ከዚራ ላይ ቆሜ
በየብልቃጡ ላይ ስለጥፍ ስያሜ፣
“ከምግብ በኋላ”፣ “ከልጆች አርቁ”፣
ስጽፍ የኖርኩ ሰው፣ ጣቶቼ እስኪደርቁ፣
ጡረታ ስወጣ እጄ ሥራ ፈታ፤
የሚለጥፈው አጥቶ ያሳክከኛል ማታ።

ይህን አይታ መሰለኝ፣ የወንድሜ ልጅ ትርሲት
ስድስት ፖስታ ዘር ይዛ መጣች በቅዳሜ ዕለት።
“ቼሪ ቲማቲም ነው፣ ግን ከፍ ያለ ዘሩ፤
ስም ገና የለውም፤ ይኸው ነው ቁጥሩ።
ምርምር ጣቢያማ ጥላ አለ፣ ቧንቧ አለ፤
የሰው ግቢ ገብቶ ይታይ ምን እንዳለ፣
ውሃ በሳምንቱ በሚመጣበት ሰፈር፣
በድሬ ሙቀት፣ በጣሳ አፈር።”

ጣሳ ሰበሰብኩኝ፤ የዘይት፣ የቀለም፣
አንዱ ከሌላው ጋር የሚመሳሰል የለም።
ከደቻቱ አሸዋ ግማሽ ጆንያ አመጣሁ፣
ከሆዳን ፍየሎች ፍጉን በልመና አወጣሁ፣
የየጣሳውን ሥር በሚስማር በሳሁ።
በነጭ ፕላስተር ላይ፣ በዚያው እጅ ጽሕፈቴ፣
ከአንድ እስከ ስድስት ጻፍኩ፤ ተመለሰ ኩራቴ።

ደብተሩ እንዲህ ይላል፦
ጥር አሥራ ሁለት። ቁጥር አንድ በቀለ። ሁለት ገና።
ጥር ሃያ። ሁሉም ወጥቷል።
የካቲት ዘጠኝ። ቧንቧ ከሄደ ዘጠኝ ቀኑ። ከአብዲ ባጃጅ ሁለት ጀሪካን ተበደርኩ።
የካቲት አሥር። ፍየሏ ገባች።

ቅጠሉን አልነካች፤ ጠረኑ አልጣማትም፤
ፕላስተሩን ላጠች፤ ሦስቱን ስትልጥ አላየኋትም።
የሆዳን ልጅ ሙስጠፌ፣ “ጋሼ እንዳይቆጣ” ብሎ፣
ጣሳዎቹን በቁመት ደረደረ፣ እንደ ተማሪ ሰልፍ አስተካክሎ።
ተንበርክኬ ቅጠል ከቅጠል አስተያየሁ፤
የቱ ሁለት፣ የቱ አራት፣ የቱ አምስት? አልለየሁ።
አንድ ብልቃጥ ሳልስት ዕድሜዬን የጨረስኩ
በሦስት ጣሳ ፊት አፌን ይዤ አነስኩ።

ሚያዝያ ቀላ።
ቁጥር አንድ አማረ፤ ቆዳው ግን ጎማ።
ቁጥር ሦስት ጣፈጠ፤ ቧንቧ የመጣ ለት ግን በጥማት ጠጥቶ
ተተረተረ፣ እንደ ጠበበ ሸማ።
ስድስት አበባውን አራግፎ፣ በሙቀት ነደደ።
ከታርጋ አልባዎቹ አንዱ፣ ያ ዝገት የበላው የቀለም ጣሳ፣
ዘለላው ወረደ፣ ወረደ፣
እንደ ባጃጅ ተሳፋሪ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ።
ከቼሪ ይበልጣል፣ ከቲማቲም ያንሳል፣
ስምንቱ እፍኝ ይሞላል፤
ስትነክሰው መጀመሪያ ጨው የነካው ነገር፣
ጣፋጩ ኋላ ይመጣል፣ ዘግይቶ፣ እንደ ድሮው ባቡር።

ቀፊራ ወሰድኩት፣ ለኢፍቱ ላሳያት፣
ከሽንኩርት ክምሯ ኋላ አርባ ዓመት የማውቃት።
ዓይኗን አጥብባ፣ “ይኼ ታሞ ነው?” አለችኝ፤
“ለወጥ ያነሰ! በኪሎ ነው በቁጥር?” ብላ ጠየቀችኝ።
አንዱን ጎረሰች። ዝም። ሌላ ጎረሰች።
“ስሙ ማነው?” አለች።
ሠላሳ አንድ ዓመት ስም ያልጎደለው አፌ
ስም አጣ። ከጎኔ መለሰ ሙስጠፌ፦
“የፍየሏ ነው።”

ትርሲት ደብተሬን አየች፣ ሳቀች፣ ከዚያ አዘነች።
“‘ሁለት፣ ወይ አራት፣ ወይ አምስት’ ብዬ ሪፖርት አልጽፍም” አለች።
“ዘሩንም አያስቀሩ አጎቴ፤ ድቅል ነው፤
ልጁ እናቱን አይመስልም።”
አውቃለሁ አልኳት። ማታ ግን በሻይ ማጥለያ ፍሬውን አጥቤ
ጋዜጣ ላይ አሰጣሁ፤ ሲደርቅ ሰብስቤ
ፖስታው ላይ ልጽፍበት ብዕር ይዤ ቆየሁ፣
ቆየሁ፣
ባዶውን አሸግኩት። ለሆዳን፣ ለኢፍቱ፣ ለአብዲ አደልኩት።

ጥቅምት ላይ በየአጥሩ ብቅ ሲል አየሁት፦
የአብዲ ሞላላ፣ የኢፍቱ ቢጫ፣ አንዱ ሽምብራ የማያህል፤
ሆዳን ደጅ አንድ ዘለላ ያንኑ ይመስላል፣
ወይም መሰለኝ።
ሙስጠፌ በጣቱ እያሳየ፣ “ይኼስ የማን ነው?” ይለኛል።
ፕላስተሩ ኪሴ ውስጥ አለ።
እጄ ያሳክከኛል።