የሦስት ፊደል ቅጥያ

ጎንደር፣ ፒያሳ ላይ፣ ከኮፒ ቤቴ ደጅ፣
ሐምሌ ያራሰውን ነጠላዋን ጨምቃ፣ ዘረጋችልኝ እጅ።
በመዳፏ መካከል፣ ከጥፍር ያነሰች፣ ጥቁር ሜሞሪ ካርድ፤
«ሦስት ሱቅ ዞርኩባት፣ እንዲህ በጠዋቱ፣ በአራዳ መንገድ።
ደርሶ ነው እዚህ ውስጥ፤ የፋሲል ግቢን ካብ ሲጠግን የኖረው፣ ግንበኛው ባለቤቴ፤
ካረፈ ዓመት ሆነው። ምን ብሎ እንደሄደ፣ ይወቅልኝ አንጀቴ።»

ሰካኋት። አየሁት። ስም የለው፣ ቁጥር ነው፤ ከነጥቧ ወዲያ፣
ሦስት ፊደል ብቻ፣ ዘሩ ያልታወቀ፣ የባዕድ ቅጥያ።
«በምን ልክፈተው?» ብሎ ጠየቀኝ ኮምፒውተሬ።
እኔ ባውቅማ ኖሮ፣ አንተን ለምን ገዛሁ፣ ከእቁብ ተበድሬ?

በጽሑፍ ብከፍተው፣ አንድ ገጽ ሙሉ ሣጥን፣ ጥያቄ ምልክት፤
ደርሶ ሳይደርስበት እንደተናደ ካብ፣ የድንጋይ ክምችት።
ስልኬ ላይ ጫንኩትና «አይደገፍም» አለ፤
የእህቴ ልጅ ታብሌት፣ ክቧን እያዞረ እዚያው ላይ ዋለ፤
የምግብ ቤቱ ቲቪ፣ ካርድ የሚባል ነገር አላየሁም ብሎ፣
ዓይኔን ግንባር ያርገው፣ እያለ ማለ።

ጅራቱን ቆረጥኩት፤ የዘፈን ቅጥያ ሰፋሁለት በእጄ፤
አህያን በቅሎ ቢሉት፣ አይሰግርም ወዳጄ።

እንጉዳይ ዝም ብላ፣ ከበርጩማዬ ላይ፣ ከጫማዋ ውሃ ደፋች።
«ግድ የለም፣ ሞክረው። ኖራም ባንድ ሌሊት አይደርቅም» አለች።

በኋላ ትዝ አለኝ፤ ቅዳሜ ገበያ፣ ስልክ የሚጠግነው፣
አዛናው፣ አሮጌ ባለ ጎማ ቁልፍ፣ መጣል የማይሆንለት ሰው ነው።
በባጃጅ ወረድን። ክዳኑን በጥፍሩ ፈልቅቆ ከተታት፤
ስልኩ አንዴ ነዘረ።
ስንቱ መሣሪያ ያልፈታትን ነገር፣ ያለ ጥያቄ ፈታት።

«...ኧረ ቀዳ መሰል።» ደርሶ ጉሮሮውን ጠርጎ ቀጠለ፦
«የኖራ ሂሳብ። ጫኔ አንድ ኩንታል፤ ከፍሏል።
ቢያድግልኝ ግማሽ፤ ከፍሏል።
አዛናው ሁለት ኩንታል፣ ለቤቱ መሠረት፤
ነገ ነገ እንጂ፣ ገና ነው፣ አልከፈለ።»

ዝናቡ ነው የቆመ፣ ወይስ እኛ ዝም አልን?
አዛናው ስልኩን አየ። እኔ አዛናውን።
እንጉዳይ «ድገመው» አለች። ደገመው። «እንደገና።»
ሂሳቡን አልሰማችም መሰለኝ፤
ጉሮሮ ሲጠርግ፣ እዚያች ላይ ብቻ፣ ከንፈሯ ይላላና፣
ሲቆጥር ትተክዛለች።

አዛናው ላቡን ጠርጎ፦ «እናቴ፣ በቴሌብር፣ ዛሬውኑ ልላክ?»
«ብሩስ ይደርሳል» አለች፣
ነጠላዋ ውስጥ እያስገባች፣ ያን ባለ ጎማ ስልክ።