የመስመር ሠራተኛው ቀኝ እጅ

ሃያ ስድስት ዓመት፣ ከምሰሶ ምሰሶ፣
ጥርሴ ፒንሳ ነክሶ፣
ከጢስ ዓባይ ማማ እስከ ሽምብጥ ሰፈር
የላላ ስወጥር፣ የተበጠሰ ስቋጥር፣
አንዲት ሕግ ነበረች ከአለቃ የወረስኳት፦
«ኮረንቲ ዘመድ የላት፤
ጓንትህን ሳትለብስ በሕልምህም አትንካት።»

አዝመራው ነካት። ሐምሌ ነበር፣ ማታ፤
እንደ ታጠበ ሸሚዝ አሰጣችው ላንዳፍታ።
ስናወርደው፣ መዳፉ ሽቦውን እንደ ጨበጠ፣
ጣቱን አንድ ባንድ ፈታሁ፣ ጣቴ እየተንቀጠቀጠ።

ዘንድሮ ጥር ላይ ወደቅሁ። «ስትሮክ ነው» አሉ ሐኪሞች።
እኔ ግን የተረጎምኩት በኛ ቋንቋ ነው፣ በመስመር ሰዎች፦
ጣቢያው ራሴ ውስጥ ነው፤ መስመሩ እስከ ጥፍር ደኅና፣
ሽቦው አልተበጠሰም፣ አምፖሉም አልሞተም ገና፤
አንድ ብሬከር ብቻ ነው ከቦታው የዘለለ፣
ቀኝ ቀኙን ሙሉ ሰፈር ጨለማ ያዋለ።
እጄ ጭኔ ላይ ይውላል፣ ካስቀመጡት ሳይነሣ፣ ዝም ብሎ፣
እንደ አደራ ዕቃ፣ ባለቤቱ መጥቶ የሚወስደው መስሎ።

ባንቺአየሁ ትባላለች ክንዴን የያዘችው ልጅ፤
ባልኮል ጠረገችልኝ ያንን የተኛ እጅ፤
ከክርኔ ዝቅ ብላ ሁለት ተለጣፊ ለጠፈች፣
ቀይ ሽቦ፣ ጥቁር ሽቦ፣ ከትንሽ ሣጥን አገናኘች።
«ምንድን ነው ልጄ?»
«ትንሽ ኮረንቲ ነው ጋሼ፤ በቆዳዎ አልፎ
ጡንቻውን የሚቀሰቅስ፣ ሥራውን ረስቶ እንዳይቀር ሰንፎ።»
ግራ እጄ ሳላዘው ኪሴ ገባ፣ ጓንት ፍለጋ፤
አዝመራው ቆሞ የሚያየኝ መሰለኝ፣ ከመስኮቱ ጋ።

መጀመሪያ ጉንዳን፣ ቀጥሎ መርፌ፣ ከዚያ ድንገት
አውራ ጣቴ ዘለለ፣ ታንኳ ላይ እንደ ጣሉት ቀረሶ፣ ገና በሕይወት።
አላዘዝኩትም እኔ። እሷ ናት ያነሣችው።
ያቺ ከፏፏቴው ሥር ሽቦ ስቤ ያመጣኋት፣
ምሰሶ ለምሰሶ ሄዳ አልጋዬን አገኘችው?
ልትጠይቀኝ ይሆን? ... ተወው። ኮረንቲ ዘመድ የላት።
ባንቺአየሁን ግን «እስቲ» አልኳት፣ «አንዴ ድገሚያት።»

ከጎኔ አንዲት የዘጌ ሴት፣ እግሯ የሰነፈ፣
ሣጥኑ ትር ትር ሲል፣ ሳቋ ከአፏ እየተረፈ፣
«ሠላሳ ዓመት ጣናን ስሻገር እንዲህ ነክሶኝ አያውቅም ዓሣ!»
ትላለች፤ ቁርጭምጭሚቷ በየተራው ሲወድቅ ሲነሣ።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን፣ ጣቴ ግማሽ ታጥፎ ሳለ፣
ድው! መብራት ሄደ። ኮሪደሩ በሙሉ «ኧረ!» አለ።
(«የትኛው መስመር ነው?» አልኩ፣ ከልማዴ። ማን ይመልስ!)
«ጋሼ፣ ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ድረስ
በራስዎ ይሞክሩት።»

በራሴ?
ዐይኔን ጨፈንኩ። ሥራ ሲያልቅ፣ ከምሰሶ ላይ ለጣቢያ
እንደምንጮኸው፣ ወደ ውስጥ፣ በሹክሹክታ፦
«ልቀቅ!»
ዝም።
«ልቀቅ! እጄን አንሥቻለሁ፤ ሰው የለም መስመሩ ላይ።»
ነፋስ ሳይደርስ በፊት ጣና እንደሚያደርገው፣ ከላይ ከላይ፣
አንድ ነገር ነዘረኝ ከቆዳዬ ሥር። ወይም መሰለኝ።
መብራቱ መጣ። «ነቃነቁት?» አለችኝ።
«እንጃ» አልኳት።

በማግስቱ ምንም። በሳልስቱም ምንም።
እናትነሽ የሸሚዜን ቁልፍ ስትቆልፍልኝ አላማረርኩም።
ነገ ሦስት ሰዓት ቀጠሮ አለኝ። ከባጃጅ ወርጄ
እገባለሁ፣ ቀኜን አቅፎልኝ ግራ እጄ።
ጓንቴን እቤት፣ ሚስማር ላይ ሰቅዬዋለሁ።