ቼክ ደብዳቤ አይደለም

ማታ በሁለት ሰዓት ቆጥሬ ደምሬ፣
የከተማውን ዕዳ በከረጢት አስሬ፣
ከበቆሎው ማሳ ዳር፣ በረዶ በበላው፣
በጠባቡ ሜዳ፣ መብራት በማይሞላው፣
ቆሜ እጠብቃለሁ ቨርሊን እስኪመጣ፣
ባለ ሁለት ሞተሩ ከደመና እስኪወጣ።

ነብራስካ ሜዳ ናት፤ ነፋስ ሲመጣባት
የሚመክት ጉብታ፣ የሚገታ የላት።
ገበሬው ለዘሩ፣ ለትራክተር ጎማ፣
መምህሩ ለጥርሱ፣ ቄሱም ለሻማ፣
ፖስፒሺል ለሚስቱ ለመቃብር ድንጋይ፣
የጻፉትን ሁሉ እኔ ነኝ የማይ።
ገና ሳይነጋ ኦማሃ ይገባል፤
ማን ለማን እንዳለበት ማሽኑ ይለያል።

እኅቴ ሊቡሼ ናት ከማሽኑ ፊት ያለች፤
ዐሥራ አንድ ዓመት ሆናት እኔን ካኮረፈች።
የአባታችን እርሻ በሐራጅ ሲሸጥ፣
የግድግዳው ሰዓት ለማን እንደሚሰጥ
ተጣላን፤ ሰዓቱ እኔው ዘንድ ከረመ፣
ሰባት ከሩብ ብሎ ለሁሌው የቆመ።
ቁልፉ ጠፍቷል ብዬ ምክንያት ሰጠሁት፤
ሌላ መግዛት ስችል፣ ቆሞ እንዲቀር ተውሁት።

ባለፈው ጥቅምት ላይ መጣ ሚስተር ሃልቮር፣
የፖስታው መርማሪ፣ ቀጭን እንደ ክር።
ከረጢቴን ፈትቶ አንድ በአንድ ዳሰሰ፤
ጉሮሮውን ጠርጎ ሕጉን ቀደሰ፦
«ቼክ ደብዳቤ አይደለም፤ ይህ ግልጽ ይሁንልሽ፤
ባንክ ለባንክ ሲልከው፣ በሰማይም ቢያሻሽ፣
በመኪናም፣ በበቅሎም፣ ሕጉ አይጠይቅሽም።
ደብዳቤ ግን ሌላ ነው፤ በዚህ አይጓዝም።
ሰው ለሰው የላከው አንዲት መስመር ወሬ
ያለ ቴምብር ከሄደ፣ ወንጀል ነው በአገሬ።»
«ስንት ቃል ሲሆን ነው?» ብዬ ጠየቅሁት፤
መልስ አልነበረውም፤ እስከ በር ሸኘሁት።

ከቼኩ ግርጌ ግራ አንዲት መስመር አለች፣
«ስለ ምን» ለማለት ባዶ የተተወች።
ባንክ አያነባትም፣ ማሽንም አያያት፣
ገበሬው በችኮላ ጭሮ የሚያልፋት።
አንድ ሌሊት ታዲያ፣ ቨርሊን ሲዘገይ፣
ነፋስ አንገላትቶት ከደመናው በላይ፣
ኦማሃ ካለችኝ ከትንሿ ሒሳቤ
ለራሴ ቼክ ቆረጥሁ፣ እየመታ ልቤ፤
አንድ ዶላር ብቻ፣ ዐሥራ አንድ ሳንቲም ለጥቄ፤
«ስለ ምን» ላይ ግና፣ ፊደል አጨናንቄ፦
«ሰዓቱን ውሰጂ፤ መቆሙ ደከመኝ።»
ከረጢቱን አሰርሁ፤ እጄ ቀዘቀዘኝ።
ቨርሊን ምን ቸገረው! ለሱ ሁሉም ወረቀት፤
ጫነና ተነሣ በክረምቱ ጽልመት።

ወሩ ሲያልቅ ቼኩ ተመልሶ መጣ፣
«ተከፍሏል» የሚል ማኅተም የጠጣ፤
ጀርባው ላይ በእርሳስ፣ ከቁጥሮቹ መሐል፣
«መሙያ ቁልፉ እኮ እኔ ጋ ነው» ይላል።

በሚያዝያ ሃልቮር ዳግም ሲመለስ
ቼኩን ዘረጋሁለት፤ ብከሰስ ልከሰስ።
አገላብጦ አየው፣ ፊቱን ደግሞ ጀርባውን፤
ከንፈሩን እያላወሰ ቆጠረ ቃላቱን።
«ዐሥር ቃል፣» አለና ዝም አለ ለአፍታ፤
ከጣሪያው በረዶ ይቀልጣል ጠብታ ጠብታ።
ከደረት ኪሱ ውስጥ ሁለት ቴምብር መዘዘ፤
በምላሱ ነክቶ ከቼኩ አያያዘ፤
በብዕር ሰረዘና ቀኑን ጻፈበት፤
«ሠላሳ ሳንቲም፣» አለ፣ «አለብሽ፣ የኔ እመቤት።»
«ቼክ ልጻፍልህ?» ብለው እጁን አወናጨፈ፤
«በጥሬው ይሁንልኝ!»
ተቀበለና አለፈ።

ሊቡሼ አልመጣችም እስከ ዛሬ ድረስ።
ቁልፉን ግን ላከችው፤ ሰኞ ጧት ሲደርስ
ሙሉ ቴምብር ለብሶ በፖስታ ቤት መንገድ፣
ቃል የለም ከውስጡ፤ ብረት ብቻ፤ ብርድ።
ያን ቢያይ መርማሪው ይስቅብን ነበር፦
ቁልፍ ደብዳቤ አይደለም፤ አያሻውም ቴምብር።

ሰዓቱን ሞላሁት፤ ስድስት ደቂቃ ይቀድማል።
እንደዚሁ ይቅደም፤
ብዙ ወደ ኋላ ቀርቷል።