ልክ

ሚያዝያ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ብሩክስ፣ ከሌሊት ፈረቃ መልስ፣
በረዶው ከጣሪያው ጠርዝ እየቀለጠ ሲፈስ፣
የሥጋ ፋብሪካው ብርድ ከጣቶቼ ሳይለቅ፣
ጋራዡን ከፈትኩት፤ ሞተሬ
በካቫሌቶው ወደ ግራ ዘመም ብሎ ሲጠብቅ።

ቡሎኑን ፈታሁ፤ ጥቁሩ ዘይት ወረደ፣
መጀመሪያ እንደ ገመድ፣ ኋላ እንደ ክር እየሄደ፣
ጠብ... ጠብ... ቆመ። አለቀ አልኩ።
አዲሱን ፊልትሮ አሰርኩ፣ የላስቲኩን ከንፈር ቀብቼ፤
መጽሐፉ «ሦስት ሊትር ተኩል» ይላል፤ እኔም ለክቼ
ጠብታ ሳልሰስት ጨመርኩ።
(በመጽሐፉ ኅዳግ የቀድሞው ጌታው በእርሳስ
ዓመት በዓመት ጽፏል፤ ቀን፣ ኪሎሜትር፣ ሊትር፣
ካጠገቡ «ኢ» የምትል አንዲት ፊደል።
የዘይት ዓይነት መስሎኝ ነበር።)

ሦስት ደቂቃ ሠራ። አጠፋሁት። ትንሽ ቆየሁ።
ስሜ ዘርጋው ነው፤ ተዘረጋሁ፣
ካርቶን ምንጣፌ፣ ሲሚንቶ ትራሴ፣
በቀኝ ጎኑ ያለችውን፣ ከሳንቲም የማትበልጥ መስታወት
ባንድ ዓይኔ ላያት።
የላይኛው ጭረት ባዶ፣ የታችኛው ጭረት ባዶ፤
ሦስት ሊትር ተኩል የት ገባ? ሆዱ ተቀዶ?
ወለሉን ዳበስኩ፤ ደረቅ ነው።
መጽሐፉን ተጠራጠርኩት እንጂ ዓይኔን መቼ!
ግማሽ ሊትር ደገምኩለት፣ እንደ እንግዳ ጎትጉቼ፣
«በሞቴ፣ ይችን ብቻ!»
ዳግም ተዘርግቼ አየሁ፤ ወፍ የለም።

ሌላ ልጨምር ጠርሙሱን ሳነሳ
ከኋላዬ ሳል ሰማሁ፤ ኢርማ ናት፣ ባለፈው መስከረም
ሞተሩን የሸጠችልኝ፣ የዋልተር ሚስት። አሁን ዋልተር የለም።
ሰባ አንድ ዓመቷ ነው፤ የባሏን ጃኬት ደርባ፣
መጥረጊያዋን እንደያዘች፣ ከጓሮ በኩል ቀርባ፣
ጠርሙሱን አየች፤ እኔን አየች፤ ካቫሌቶውን አየች።
«ዜርጎ» አለች (ስሜ በአፏ እንዲህ ነው)፣
«አዘንብለህ እየጠየቅከው እንዴት እውነቱን ይንገርህ?
መጀመሪያ ቀና አድርገው።»

መጥረጊያውን ጣለች። መሪውን በሁለት እጇ፣
ወንበሩን በዳሌዋ ገፋ አድርጋ ቀጥ አደረገችው፤
ሁለት መቶ ኪሎ ብረት፣ እንደ ሕፃን ብብቱን ይዛ አቆመችው።
ዘይቱ ከተደበቀበት፣ ከግራ ሆዱ ተመልሶ መጣ፣
መስታወቷን ሞላት፤ ከላይኛው ጭረት አልፎ ወጣ፤
ጭረት የለ፣ አየር የለ፣ ከዳር እስከ ዳር ዘይት ብቻ።

ማር ሲበዛ ይመራል ይላሉ፤ ዘይት ሲበዛ ግን
ይናጣል፣ አረፋ ይሆናል፣ በአየር ማጣሪያው ያስተፋል፣
በጭሱ ከሰፈር ያሳማል።

ኢርማ ሄዳ ስሪንጅ አመጣች፣ ወፍራም፣ ቱቦ የተሰካበት፤
እርሻ ሳሉ፣ እናቱ የሞተችበትን ጥጃ ወተት የሚግቱበት።
መጠጥኩ። ኢርማ ያዘች። አየሁ። ገና ነው።
መጠጥኩ። ያዘች። ገና ነው።
በአራተኛው፣ በሁለቱ ጭረት መሐል፣ ጸጥ ብሎ ተኛ።

«ልክ ነው?» አለች።
«ልክ ነው፣ ልቀቂው።»
አልለቀቀችም።
«አርባ ሚያዝያ ይህን ይዣለሁ» አለች። «ዋልተር ከታች ተኝቶ
ልክ ነው፣ ልቀቂ ይለኛል፤ እለቃለሁ፤ በቃ።
እዚያች መስኮት ውስጥ ምን እንዳለ
አንድ ቀን አላየሁም።»

እኔ መሪውን ያዝኩ። እሷ ጉልበቷን ይዛ እያቃሰተች ዝቅ፣
ዝቅ፣ ካርቶኑ ላይ፣ ከነዋልተር ጃኬት ተዘረጋች።
ነፋሱ የጋራዡን በር አንገጫገጨው።
«ይሄ ነው?» አለች። «ሻይ ይመስላል።»
ከዚያ ዝም።
ክንዴ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ወገቤ
ሌሊቱን የተሸከመውን አንድ በአንድ ቆጠረልኝ።
«ልክ ነው?» አልኩ።
ልቀቅ እስክትለኝ
ቆሜያለሁ።