ጎዶሎዋ ብር

ሆጤ ላይ ነው፤ ጦሳ ጋቢውን ሳያወልቅ፣
ለማናውቀው ሰው ፎቅ መሠረት ሲጠልቅ፣
የመዲና ዶማ ሸክላ ነካ፦ ቋ!
ሠራተኛው ሁሉ ዞረ ወደሷ።

ሙሉ ማድጋ ጠገራ ብር፣ አፉ በጭቃ የተመረገ፣
ሰማንያ ዓመት ሙሉ ትንፋሹን የሸሸገ።
አንገቱ ላይ ደግሞ አንዲት የቃጫ ገመድ፣
ቋጠሮ በቋጠሮ እየዘለለች የምትሄድ።

ከቀበሌ ላኩኝ፤ ከነፎርሜ መጣሁ፣
ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አንድ አንድ እያልኩ አወጣሁ።
ያቺ ደንዳና ሴት፣ ባለ ዘውድ፣ ባለ ሻሽ፣
በሀገሯ ሞታ፣ በኛ ገበያ ግን የማትሽር፣ የማትሸሽ፤
አንድ ሺህ ሰባት መቶ ሰማንያ ይላል፣
ዓመቷ እዚያ ቆሞ ገበያ ይውላል።

ሼህ አሊጋዝ መጡ፣ ከዘራ ተደግፈው፤
"የደረቷን እንቁ ቁጠር" አሉኝ ጎንበስ ብለው፤
"ዘጠኝ ካልሞላማ ባቲ ላይ አይወስዱም፤
ድንጋይ ላይ ጣላት፤ ካልጮኸችም አይወዱም።"
አንዷን ጣልኳት። ጮኸች።
እስከ ሰኞ ገበያ የተሰማች መሰለች።

"የጨው ነጋዴ ነው" አሉ።
"ጣልያን ደሴ ገብቶ 'ሊሬ ያዙ' ሲላቸው፣
ወረቀት ማን ያምናል? አፈር ነው ባንካቸው።
ተመልሶ መጥቶ ያወጣ አለ አንዳንዱ፤
አንዳንዱ ወደ አውሳ ቀረ በመንገዱ።"
ገመዷን ዳበሱ።
"ፊደል አልቆጠረም፤ ይቺ ናት ደብተሩ፤
ትልቁ ቋጠሮ አስር ነው፣ ትንሹ አንድ ነው ቁጥሩ።"

ሃያ አንድ ትልልቅ። ሁለት ትንንሽ።
ሁለት መቶ አስራ ሁለት።
እኔ የቆጠርኩት ሁለት መቶ አስራ አንድ።
ደገምኩ። ሠለስኩ።
አንዲት ሴት የለችም።

ምናልባት ሰውዬው፣ ገመዱን ከቋጠረ ኋላ፣
አንዷን መልሶ ወሰዳት፣ ለመንገድ ለሚበላ።
ምናልባት ሚስቱ ናት፣ በሌሊት ቆፍራ፣
ልጅ ታሞባት ይሆናል፣ ሐኪም ልትጠራ።
ምናልባትም . . .
መዲናን አየኋት። ግራ እጇ እንደጨበጠ፣
ዓይኗ ከዓይኔ እንዳመለጠ።
የቀን ሂሳቧ መቶ ሃምሳ ነው፣ ያውም ካልዘነበ።
ሁለት ባለ ሻሽ ሴቶች፣ አንዷ በአንዷ መዳፍ፣
ዝም ብለዋል።

ፎርሙ ላይ "የባለቤት ስም" ይላል፤ ባዶ ተውኩት።
"ብዛት" ከሚለው ፊት፣ ሁለት መቶ አስራ አንድ ጻፍኩት።
ማኅተም መታሁበት።
ገመዷን በኪሴ። ስለ ቃጫ ማን ይጠይቀኛል?

ሼህ አሊጋዝ አይተዋል።
"ድሮም" አሉ፣ ከዘራቸውን አንስተው፣ ቁልቁለቱን ሲጀምሩ፣
"ጨው ሲሸጥ ምርቃት ነበረው።"